ሞራ የገባበት ዘይት

የሚስቴ ወንድም የሰደበኝ ከአስራ ሁለት ዓመት በፊት ነው፤ እሁድ ቀን፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ወንበሬ ተቀምጦ። ትልቋ ልጄ ትምህርት የጨረሰችበት ሳምንት ስለነበር ስምንት ሰው ምሳ ጠርተናል። እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ፣ ጥፍሬ ሥር ያለውን ጥቁር በሚስማር ፍቄ ነበር የተቀመጥኩት። እሱ አፍንጫውን ያዝ አደረገና፣ «እህታችን ባል አገባች ብለን ደስ ብሎን ነበር፤ ለካ ያገባችው የናፍታ በርሜል ነው!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው የጎረሰው ትን እስኪለው ሳቀ። አማቴም፣ የእሱ እናት፣ በከንፈራቸው ዳር ፈገግ ብለዋል። አይቻለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እሱ ኢንጂነር ነው፤ ወደብ ላይ ይሠራል። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ አቆምኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ የናፍታ ሞተር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጋራዥ ውስጥ በጀርባዬ ተንጋልዬ ኖሬአለሁ። ሰው ሁሉ እሱን አንቱ ይለዋል። እኔ ብዬው አላውቅም፤ ወደፊትም አልለውም።

ይህን ማስቀደሜ አሁን የምነግራችሁን ጉዞ ለእሱ ብዬ የሄድኩት እንዳይመስል ነው። ጉዞው የአማቴ ነው።

አማቴ እኛ ቤት ከገቡ አስራ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ናፍታ የሚባል ነገር ከሸተታቸው ራሳቸውን ያዞራቸዋል፣ ወዲያው ያስመልሳቸዋል። የናፍታ መካኒክ ቤት ደግሞ ገቡ። እንግዲህ ማን ይለወጥ? አስራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ዝናብም ይዝነብ ውርጭም ይሁን፣ የሥራ ልብሴን የግቢው በር አጠገብ ካለች ጠባብ ክፍል አውልቄ በፎጣ ነው ቤት የምገባው። ጎረቤት ይስቃል። እሳቸውም «ና ግባ፣ ሙሽራው!» ይሉኛል። ግን ዓሣ በተጠበሰ ቁጥር ወፍራሙን ቁራጭ በሳህን ደፍተው ለእኔ የሚያስቀምጡት እሳቸው ናቸው፤ ሚስቴ ብትነካው እጇን በማንኪያ ይመቷታል። ስለዚህ ሂሳቡ ተቻችሏል ብዬ ዝም አልኩ።

ባለፈው ዓመት ዓይናቸውን ታመሙ። ሐኪሙ አየና፣ ግራው ሄዷል፣ ቀኙም ዓመቱን አይጨርስም አለ። «ከእንግዲህ ማስመለስ፣ ከባድ ነገር ማንሳት፣ ማማጥ ክልክል ነው፤ ቀኙን ያፈጥኑበታል» አላቸው። አማቴ «ልጄን ልየውና ከዚያ እንደፈለገ ይጥፋ» አሉት፤ ከሱቅ ዕቃ እንደሚመልስ ሰው።

ልጃቸውን ካዩ አምስት ዓመት አልፏል። «በሚቀጥለው እረፍቴ እመጣለሁ» ይላል። እረፍቱ ሲደርስ ሥራ ይመጣል። መንገዱ ሰባት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ነው። በአውቶቡስ አንዴ ሞክረው አርባ ኪሎ ሜትር ሳይሄዱ ራሳቸውን ስተው ተመልሰዋል። በአውሮፕላን እንውሰድዎት ብንል፣ «በሰማንያ አንድ ዓመቴ ከመሬት መነሳት አልጀምርም» አሉ። ይህን ሁሉ ለልጃቸው እንንገረው ብንል ደግሞ ጉድ ፈላ።

«ስለ ዓይኔ ለልጄ ትንፍሽ ብትሉ አልቀየማችሁም» አሉ። «እረግማችኋለሁ። እንደ በሽተኛ እንዲያየኝ አልፈልግም። እኔ ነኝ የማየው።»

ሚስቴ ትምህርት ቤት አጠገብ ድንችና ዓሣ ትጠብሳለች። ሥራው የእናቷ ነበር፤ እሳቸው አርባ ዓመት ጠብሰው ለእሷ አወረሷት። አንድ ቀን ከሥራ ስትመጣ ሻሿን ሶፋ ላይ ጣለችው። አማቴ አነሱትና አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ «ይሄ ሽታ ነው ያኖረኝ» ብለው እዚያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ ሻይ ይዤ ቆሜ ሳያቸው ነገሩ መጣልኝ። የናፍታ ሞተር የመጥበሻ ዘይት ያቃጥላል። በውሃ መሳቢያ ሞተር ሞክሬው አውቃለሁ። ጭሱ ድንች ድንች ይላል።

ሁለት ወር ሠራሁ። ከሥራ ተርፎ የሚደፋውን ዘይት ሚስቴ ታመጣለች፤ በርሜል ውስጥ አስራ አምስት ቀን አስተኝቼ አተላው ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን በአሮጌ ጂንስ ሱሪ እግር አጠልላለሁ። ዘይት ወፍራም ነው፤ ካልሞቀ አይሄድም። ስለዚህ ፒክአፔ ላይ ሁለት የነዳጅ መያዣ፣ ሁለት ሰልባቲዮ አደረግኩ፤ ትንሹ ለማስነሻ የሚሆን ናፍታ የሚይዝ፣ ትልቁ ለዘይቱ። በትልቁ ውስጥ የመዳብ ቱቦ ጠምዝዤ ከራዲያተሩ የሚመጣ ሙቅ ውሃ እንዲያልፍበት አደረግኩ። በናፍታ ይነሳል፤ ሲሞቅ ቧንቧውን አዙሬ ወደ ዘይት እለውጠዋለሁ። ናፍታ የሚሸትባትን ያችን ሩብ ሰዓት አማቴ ንፋስ ወደሚመጣበት በኩል፣ ራቅ ብለው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ድንች ሲሸት ይገባሉ። እንዲህ ነው ስምምነታችን።

ሚስቴ ለወንድሟ ደውላ እንደምንመጣ ነገረችው። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋዋለች።

«በምን?» አለ።

«በመጥበሻ ዘይት።»

ሳቁ ግድግዳ መታ። «ባልሽ አሁን ደግሞ ድንች ሆነ? እሺ ኑ፣ ግን እኔ በአስራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ በመርከብ እሄዳለሁ፤ ሦስት ወር አልኖርም። ከዚያ በፊት ከደረሳችሁ ነው። ለነገሩ ተራራውን አታልፉም። ስትቆሙ ደውሉልኝ፣ ጎታች መኪና እልካለሁ።»

ሦስት ወር። ሐኪሙ ያለውን እኛ ሦስታችን ብቻ ነበርን የምናውቀው። አማቴ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሰማኸው? ሐሙስ» አሉ።

የመጨረሻው በርሜል እስኪዘቅጥ ጠብቀን ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ስድስት ጀሪካን ዘይት ከኋላ፣ ሦስታችን ጋቢና ውስጥ፤ አማቴ መሀል ተቀምጠው ማርሹን በለወጥኩ ቁጥር ጉልበታቸውን እንደ በር ከፈት ዘጋ ያደርጉልኛል። መንገዱን በሙሉ ሲያወሩ ዋሉ። የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ተቹ። «ይሄኛው ምን አስቸኮለው? ምጥ ይዞታል?» አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቁልቁለት ላይ አልፎን ሲሄድ መስኮት አውርዶ በአፍንጫው እያሸተተ፣ «አባባ፣ ድንቹ ደረሰ ወይ?» ብሎ ጮኸ። እኔ ፊቴ ሊቀየር ሲል አማቴ በላዬ አጎንብሰው፣ «ጨው ይዘህ ና!» አሉት። ሚስቴ እስክታለቅስ ሳቀች።

እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ሞተሩ እንደ ድመት እያንኮራፋ ሄደ። ተራራው እግር ስንደርስ አራተኛውን ጀሪካን ቀዳሁ። ደፍረስ ብሎ አይቼዋለሁ፤ ብርዱ ነው ብዬ አለፍኩት። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሽቅብ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ሞተሩ አንዴ አሳለ። ቀጥሎ ሁለቴ።

«ምን ሆነ?» አለች ሚስቴ።

«ምንም።»

«ምንም ከሆነ ፊትህ ለምን ጠቆረ?»

«ፊቴ ድሮም ጥቁር ነው።»

ጉም ወርዷል፤ ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። የጭነት መኪና ሹፌሮች የሚያርፉባት አንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ እንደምንም ደርሶ ሞተሩ ጠፋ። ከሥር ገብቼ የነዳጁን ፊልትሮ ፈታሁት። ውስጡ ነጭ ሆኗል፤ ሻማ የቀለጠበት ይመስላል። በጣቴ ብነካው ረጋ ያለ ስብ ነው። ትርፍ ፊልትሮ ሁለት ይዤ ነበር፤ አንዱን ቀየርኩና አማቴን አርቄ በናፍታ አስነስቼ ዘይቱን ከፈትኩ፤ ድንች ሲሸት ተመልሰው ገቡ፣ ግን ከአምስት ደቂቃ በላይ አልቆየም። እሱም ነጭ ሆነ።

«አንቺ፣ ነይ እዪ! ይሄ ያንቺ ድንች ዘይት ነው?»

ሚስቴ ነካችው፣ አሸተተችው። «ይሄ ሞራ ነው» አለች። «በሬ ነው ይሄ! እኔ በሕይወቴ በሞራ ጠብሼ አላውቅም፣ ደግሞ እንዳትጀምረኝ!»

«ታዲያ በሬው በእግሩ ሄዶ ነው ጀሪካን ውስጥ የገባው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንተ ነህ ያጠለልከው፣ አንተ ነህ የቀዳኸው!»

የጋቢናው መስኮት ወረደ።

«አትጨቃጨቁ» አሉ አማቴ። «እኔ ነኝ።»

«ምኑን ነው እርስዎ?»

«ሞራውን። ለሳሙና ያቀለጥኩት ነበር። ዘይትህን ሳየው ቀጠነብኝ። ይሄ ሁሉ ተራራ አለ እየተባለ፣ ውሃ በመሰለ ነገር እንዴት ይወጣዋል ብዬ ለጉልበት ትንሽ ጨመርኩበት።»

«ትንሽ ማለት?»

«አንድ ቆርቆሮ።» መስኮቱን ትንሽ መለሱት። «ሦስት። ሦስቱ ጀሪካኖች ላይ።»

«እማማ! ሞተር ነው እኮ! ሰው አይደለም!»

«እና ሰው በጮማ ከጠና ሞተር በምን ሊጠና ነው?»

ሄጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ያ ሰው ወደቡ ላይ ቆሞ ሲስቅ ታየኝ። ትንሹ ሰልባቲዮ ውስጥ ተራራውን የሚያሻግር ናፍታ አለ፤ ቁልቁል ሠላሳ ኪሎ ሜትር ብንወርድ ቆላው ሞቃት ነው፣ ስቡ ይቀልጣል። ግን የፒክአፔ ወለል በዝገት ተበሳስቷል፤ ጭሱ በቀጥታ ጋቢና ነው የሚገባው። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ናፍታ እየሸተታቸው አንጀታቸው እስኪገለበጥ ሲያስመልሱ፣ ልጃቸውን ሊያዩበት የያዙት ዓይን መንገድ ላይ ቢፈስስ? ለማን አቤት ይባላል?

ሚስቴ መጥታ አጠገቤ ቆመች። «ወንድሜ ራሱ በቤንዚን መኪናው ይምጣና ይውሰዳት። ልደውል?»

«ስትቆሙ ደውሉ» ብሎናል። መደወል ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሷም ታውቃለች፤ ለዚህ ነው የጠየቀችኝ።

«ደውይ» አልኳት።

ደወለች። እሱ ከመጀመሪያው ቃል ሳቀ። «አልኩ አይደል? ጎታቹን ልላክ?» ጎታቹም ናፍታ ነው አለችው። አንተ ና አለችው። «እህቴ፣ ነገ እሄዳለሁ፣ የምፈርመው ወረቀት ቁመቴን ያክላል። ናፍታ ሙሉና ኑ። ትንሽ ብታስመልስ ምን ትሆናለች? ድሮም ሲያስመልሳት ነው የማውቀው።»

አማቴ ከመስኮቱ ሆነው ሰምተዋል። ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉና፣ «ሥራ በዝቶበት ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ፣ «ናፍታውን ክፈተው፣ ልጄ። አፍንጫዬን እይዛለሁ።»

ሰው ለእኔ ሲያዝንልኝ አልወድም፣ እኔም ለሰው ማዘን አልወድም፤ ግን እሳቸው በሁለት ጣት አፍንጫቸውን ይዘው ልምምድ ሲያደርጉ አየሁ።

«አይሆንም» አልኩ። «ይውረዱ። ሻሂ ይጠጡ። ይሄን ሞተር እኔ ነኝ የማውቀው።»

ዘይቱ ሰልባቲዮ ውስጥ ሙቅ ነው፤ የሚረጋው ቱቦውና ፊልትሮው ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም ፊልትሮውን እኔ ከሥር፣ ንፋሱ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ስለዚህ ፊልትሮው ወደ ሙቀቱ መሄድ አለበት። ከሻይ ቤቱ ሴትዮ ሦስት ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ለመንኩና ፊልትሮዎቹንና ቱቦውን አጠብኩ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቼ ፊልትሮውን ከራዲያተሩ ከሚወጣው ሙቅ ቱቦ ጎን አስጠግቼ በጎማ ላስቲክ አሰርኩት። ቱቦ አጠረኝ። ከመስታወት ውሃ መርጫው ቆርጬ ቀጠልኩ። አማቴ በርጩማቸውን አንስተው ኮፈኑ ሥር መጥተው ተቀመጡ። ጣቴ በብርድ ካቻቢቴ አልይዝ ሲለኝ የሻይ ብርጭቋቸውን ያቀብሉኛል፤ ትንሽ ጨብጬ እመልስላቸዋለሁ።

«ተቆጥተሃል» አሉ።

«አልተቆጣሁም።»

«ተቆጥተሃል። ግን በእኔ አይደለም። የዛሬ አስራ ሁለት ዓመት ነው የተቆጣኸው።»

እጄ ቆመ። «ያስታውሱታል?»

«የናፍታ በርሜል ያለህን? እንዴት አላስታውስ!»

«እርስዎም ስቀዋል።»

ይክዳሉ ብዬ ነበር። ወይም ጥርሴ አሞኝ ነው ይላሉ ብዬ። እሳቸው ብርጭቋቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አሰቡ።

«ስቄአለሁ» አሉ። «አስቂኝ ነበር።»

«እማማ!»

«ምን ላድርግ? ሙሽራ እንደማለት በርሜል አለህ። አንተ ደግሞ የዚያን ቀን ያችን አረንጓዴ ሹራብ ለብሰህ፣ ሆድህን ነፍተህ...» ቀሪውን መናገር አቃታቸው፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። «ማታውን ግን በጓዳ ጠርቼ በጥፊ ልለው ነበር። የአርባ ዓመት ሰው ነው ብዬ ተውኩት። መምታት ነበረብኝ።»

አረንጓዴዋን ሹራብ እኔም አስታወስኳት። እውነት ነው፣ በርሜል ታስመስል ነበር። ካቻቢቴው ከእጄ ወደቀ፤ ኮፈኑን ይዤ ሳቅሁ። ሚስቴ ያበድን መስሏት ከሻይ ቤቱ ሮጣ ወጣች።

ፊልትሮውን በምን ከንፋስ እንሸፍነው ስንል አማቴ የሱፍ ሻላቸውን አወለቁ። እምቢ አልኩ። «እንግዲህ ሞራ ጨምሬ አቁሜሃለሁ፤ ሻል ጨምሬ ላስነሳህ» ብለው ራሳቸው ጠቀለሉት፤ ሕፃን እንደሚታቀፍ አድርገው። እኔም ጃኬቴን አለበስኳቸው። ናፍታ ናፍታ እንዳይሸት ሰባት ዓመት በሳጥን ያስቀመጥኳት ናት። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሞተሩን አስነሳሁ፤ እሳቸው ራቅ ብለው በጉሙ ውስጥ በርጩማቸው ላይ ቆዩ። ዘይቱን ከፈትኩ። አሳለ። እንደገና አሳለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ዝም ብሎ ይሠራ ጀመር። የሻይ ቤቷ ሴትዮ ከበሩ ብቅ ብላ፣ «ማነው እዚህ የሚጠብሰው?» አለች።

አማቴ እየሄዱ መጡ። «ክፈቱልኝ፣ ደርሷል» አሉ።

ተራራውን አለፍን። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ከመንገድ ዳር ካለ አልጋ ቤት አደርን፤ ጠዋት ስቡ እስኪቀልጥ ግማሽ ሰዓት ያህል በናፍታ አሞቅኩት፣ እሳቸው ከግቢው ጥግ ቁርሳቸውን በሉ። ቀሪውን መንገድ ብዙ አላወሩም። መስታወቱን አጽዱልኝ አሉ። ሚስቴ አጸዳች። እንደገና አጽዱልኝ አሉ። መስታወቱ ንጹህ ነበር። እሷም እንደገና ጠረገችው።

«ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለ» አሉ አንድ ጊዜ። «በአራት ዓመቱ ከበር ጋር ተጋጭቶ ነው። ከየትኛው በኩል እንደሆነ ጠፋብኝ። በቀኝ ነው በግራ?» ሚስቴም አላወቀችም። እኔ አውቃለሁ፤ ጠላትህን ማንም እንደ አንተ አያየውም። ግን አልነገርኳቸውም። ራሳቸው ይዩት።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ የወደቡ ክሬኖች ታዩ። የሠራተኞቹ መኖሪያ ግቢ ውስጥ ስንገባ እሱ ሻንጣውን ይዞ ደረጃው ላይ ቆሟል፤ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ አብረውት አሉ፤ የሚወስደው መኪና በሩ ክፍት ነው። አማቴን በክንዳቸው ይዤ አወረድኳቸው። እጄን ለቀቁት። እግራቸውን እየጎተቱ ሄደው ሁለት እጃቸውን ፊቱ ላይ አደረጉና ቀኝ ዓይናቸውን አስጠጉት፤ ዓይኑ የደከመ ሰው ደብዳቤ እንደሚያነበው፣ ከግንባሩ ጀምረው ወደ ታች፣ በቀስታ።

«ሸብተሃል» አሉት። «እዚህ ጋ ደግሞ ጥርስህን ምን ሆነህ ነው?»

«ተነቅሎ ነው፣ እማ።» ድምፁ ተሰበረ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ይህን አልጠበቅኩም ነበር፤ ለሰው ያለቅሳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ባልደረቦቹ አዩት። እሱም ሲያዩት አየ፤ አንዴ ሳቅ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገና ፊቱን ከእናቱ እጅ አላቆ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አስቸኮለህ አንተስ?» አለኝ፣ ጮክ ብሎ፣ ለሁሉም እንዲሰማ። «በሦስት ወር እመለስ የለም እንዴ! መጥበሻህን ለሰው ለማሳየት ብለህ አሮጊት ሴት በተራራ ታንከራትታለህ? ይህን ሁሉ መንገድ! ለምን? እስቲ ንገረኝ፣ ለምን?»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሐኪሙ ያለውን ብነግረው፣ እዚያው ደረጃ ላይ፣ ባልደረቦቹ ፊት፣ ሻንጣው ከእጁ ይወድቅ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ መልስ ይዤ አላውቅም።

አማቴ እጃቸውን ዘርግተው አገጩን ያዙት።

«ወዲህ ዙር» አሉት። «ከእሱ ጋር ምን አለህ? ገና አይቼ አልጨረስኩም።»

ዞረላቸው። እኔም መልሴን ውጬ ወደ መኪናዬ ዞሬ ሄድኩ።